የቤት ዕቃችንን ከኮረንቲ ንረት ስለ መጠበቅ

በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ አባላት በማስታወቂያ ሰሌዳችን እንዲነበብ የቀረበ።



የዛሬው ንግግሬ ስለ መዋጮ አይደለም፤ ስለ ቦይ ጠረጋም አይደለም። ስለ ፍሪጃችን፣ ስለ ቴሌቪዥናችን፣ ስለ ልጆቻችን ኮምፒዩተር ነው። እነዚህ ዕቃዎች በስንት ዓመት ቁጠባና በስንት ዕቁብ እንደ ተገዙ እያንዳንዳችን እናውቀዋለን።

እንደምታስታውሱት በክረምቱ መግቢያ ላይ በአንድ ማታ በታችኛው መንገድ ባሉ ቤቶች ዕቃ ተቃጥሏል። በአንዱ ቤት ፍሪጅ፣ በሌላው ቴሌቪዥንና የዲሽ ሪሲቨር ሄደ። በአንዲት እናት ቤት ደግሞ የተቃጠለው ወተትና ለስላሳ እየሸጡ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት ማቀዝቀዣ ነው። ስኳር ሕመም ያለባቸው አንድ አባት ኢንሱሊናቸውን የሚያስቀምጡት በተቃጠለው ፍሪጅ ውስጥ ነበር። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ስላለበት፣ በዚያ ጨለማ መድኃኒቱን ይዞ የጎረቤት በር ማንኳኳት ግድ ሆነ። ስለዚህ ነገሩ የዕቃ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ከኮሚቴው ጋር ቤት ለቤት እየዞርን ጉዳቱን ስንመዘግብ፣ ብዙዎቹ «እኛ እኮ መከላከያ ገዝተን ነበር» አሉን። አሳዩን ስንላቸው፣ ግማሹ ያሳየን ባለ ቀይ መብራት ዲቫይደር ነው። ግማሹ ያሳየን እውነተኛ ሰርጅ ፕሮቴክተር ነው። ሁለቱም ያን ማታ ዕቃቸውን አላዳኑም። ታዲያ ገንዘብ ወጥቶበት፣ ተገዝቶ፣ ተሰክቶ ለምን አላዳነም? የንግግሬ ዋና ቁም ነገር የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የኤሌትሪክ ባለሙያ አይደለሁም። የምነግራችሁ በሰፈራችን ያሉ የኤሌትሪክ ሠራተኞችን ጠይቄ፣ ዕቃው ላይ የተጻፈውን አንብቤና አስነብቤ የተረዳሁትን ነው። ጽሑፉንም ከመለጠፋችን በፊት ባለሙያ አይቶታል።

በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት አይገዛም

በቤታችን ያለው ኮረንቲ 220 ቮልት እንዲሆን የታሰበ ነው። ቮልትን እንደ ቧንቧ ውኃ ግፊት ቁጠሩት። ግፊቱ ልክ ሲሆን ባልዲው በደህና ይሞላል፤ ሲያንስ ይንጠባጠባል፤ ሲበዛ ቧንቧውን ያፈነዳል። በእኛ መስመር ላይ የሚታዩት በሽታዎች አራት ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

አንደኛው ድንገተኛ ንረት ነው። ይህ ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ባነሰ ጊዜ መጥቶ የሚሄድ ነው። መብረቅ በአቅራቢያ ሲወድቅ፣ እንደ ወፍጮ ቤትና ብየዳ ቤት ያሉ ከባድ ዕቃዎች ሲነሡና ሲጠፉ፣ ሄዶ የቆየ መብራት ሲመለስ ይከሰታል። ጊዜው አጭር ቢሆንም ከፍታው ሺህ ቮልቶች ሊደርስ ይችላል። በተለይ በቴሌቪዥን፣ በሪሲቨርና በኮምፒዩተር ውስጥ ያሉትን ደቃቅ ክፍሎች የሚበላው ይህ ነው።

ሁለተኛው የቮልት ማነስ ነው። ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ምጣድ ሲጥድ አምፖላችን እንደ ኩራዝ ይደበዝዛል፤ ይህን ሁላችንም የምናውቀው ነው። አምፖል ቢደበዝዝ ጉዳት የለውም። የፍሪጅ ሞተር ግን ቮልት ሲያንሰው ለመነሣት እያቃሰተ ብዙ ኮረንቲ ይስባል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ይቃጠላል። ፍሪጃችሁ ሳይነሣ «እ...እ...እ» እያለ «ጧ» ብሎ የሚያቆም ከሆነ ምልክቱ ይኸው ነው።

ሦስተኛው ሳይቀንስ የሚቆይ የቮልት መብለጥ ነው። የታችኛው መንገድ ጉዳት የመጣው ከዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ላብራራው። ከትራንስፎርመሩ ወደ ሰፈራችን የሚመጡት ሦስት ፌዝና አንድ ኒውትራል ሽቦዎች ናቸው። በአንድ ፌዝና በኒውትራሉ መካከል 220 ቮልት አለ። በሁለት ፌዞች መካከል ግን 380 ቮልት ነው ያለው። ኒውትራሉ ምሰሶ ላይ ሲበጠስ ወይም መጋጠሚያው ሲላላ፣ በተለያየ ፌዝ ላይ ያሉ ቤቶች ሳያውቁት ተያይዘው ያንን 380 ቮልት መካፈል ይጀምራሉ። ክፍፍሉም እኩል አይደለም። ምጣድ የጣደው ቤት ጥቂት ቮልት ሲደርሰው፣ አንድ ቴሌቪዥን ብቻ የከፈተው ጎረቤቱ ብዙውን ይሸከማል። በአንዱ ቤት መብራቱ ሲደበዝዝ በሌላው ቤት እንደ ፀሐይ የሚበራው ለዚህ ነው። ይህ ደግሞ በቅጽበት የሚያልፍ ሳይሆን ሰው እስኪያጠፋው የሚቆይ ነው።

አራተኛው ቶሎ ቶሎ መሄድና መመለስ ነው። ፍሪጅ ሲጠፋ በውስጡ ያለው የጋዝ ግፊት እስኪመጣጠን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይፈልጋል። ከዚያ በፊት መብራት ተመልሶ ሞተሩን ላስነሣ ቢል ይታገላል፣ ይጎዳል።

በገበያ ያሉት ዕቃዎች ምንና ምን ናቸው?

እንግዲህ ወደ ሱቁ እንግባ። ባለ ሱቁ «ይሄ መከላከያ ነው» ብሎ የሚሰጠን ዕቃ አምስት ዓይነት ነው።

ዲቫይደር የምንለው አንዱን ሶኬት ወደ አራት ወደ አምስት የሚያበዛው ነው። ማብሪያ ማጥፊያና ቀይ መብራት ስላለው ብዙ ሰው መከላከያ ይመስለዋል። ቀይ መብራቱ የሚናገረው «ኮረንቲ አለ» ብቻ ነው። ዲቫይደር ከምንም ነገር አይከላከልም፤ ሶኬት ያበዛል፣ በቃ።

ሰርጅ ፕሮቴክተር መልኩ ከዲቫይደር ጋር መንታ ነው፤ ልዩነቱ ከውስጡ ነው። በውስጡ የሸሚዝ ቁልፍ ወይም ሳንቲም የሚያካክሉ ክብ ነገሮች አሉ። ባለሙያዎች ቫሪስተር ይሏቸዋል፤ የሚሠሩትም ከዚንክ ኦክሳይድ ነው። ቮልቱ ልክ ሲሆን ቫሪስተሩ እንደ ተዘጋ በር ነው፤ ምንም አያሳልፍም። ቮልቱ ከተወሰነለት መጠን ሲያልፍ በሩ ወዲያው ይከፈትና ትርፉን ከዕቃችን ወደ ሌላ መንገድ ያዞረዋል። ንረቱ ሲያልፍ ተመልሶ ይዘጋል። ስለዚህ ሰርጅ ፕሮቴክተር የአንደኛው በሽታ መድኃኒት ነው። የቮልት ማነስን አያውቀውም። የሚቆየውን መብለጥ ደግሞ አይችለውም፤ ለቅጽበት የተሠራው በር ለደቂቃዎች ተከፍቶ ሲቆይ ራሱ ይቃጠላል። ያን ማታ የሆነው ይኸው ነው። ዕቃው ውሸት አልነበረም፤ የተገዛው ለሌላ በሽታ ነበር።

ፍሪጅ ጋርድ ወይም ቲቪ ጋርድ የሚባለው ደግሞ እንደ ዘበኛ ነው። ቮልቱን እየተመለከተ፣ ከተወሰነው በታች ሲወርድ ወይም በላይ ሲወጣ ይቆርጣል። ሲስተካከልም ወዲያው አይለቅም፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ነው። ስለዚህ ለሁለተኛው፣ ለሦስተኛውና ለአራተኛው በሽታ የሚሆነው ይህ ነው። ሲገዙ ግን ማየት ያስፈልጋል። አንዳንዱ የሚቆርጠው ሲያንስ ብቻ ነው፤ ሲበዛም የሚቆርጠውን ምረጡ። ለፍሪጅ ከሆነ የመጠበቂያ ጊዜው 3 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይሁን፤ ለቲቪ የተሠራው ቶሎ ስለሚለቅ ለፍሪጅ አይሆንም። ከዚሁ ወገን በብሬከር ሳጥን ውስጥ ተገጥሞ ቮልቱን በቁጥር የሚያሳይና የሙሉ ቤቱን መስመር የሚቆርጥም አለ። ይህን መግጠም የባለሙያ ሥራ ነው። አምፔሩም ምጣዱን ጨምሮ የቤቱን ጭነት የሚችል መሆን አለበት።

ስታብላይዘር የወረደውን ቮልት ከፍ፣ የወጣውን ዝቅ እያደረገ ወደ 220 የሚያቀርብ ነው። ማታ ማታ ቮልት ለሚያንሰው ቤት ፍቱን ነው። ነገር ግን እሱም ልክ አለው፤ ከስንት እስከ ስንት ቮልት እንደሚያስተካክል ጀርባው ላይ ተጽፏል። ፍሪጅ ሲነሣ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኮረንቲ ስለሚስብ፣ ስታብላይዘሩ ከፍሪጁ ዋት አራት አምስት እጥፍ የሚችል ይሁን። ፍሪጁ 150 ዋት ነው ብሎ የ200 መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ዩፒኤስ ባትሪ ያለው ነው። መብራት ሲሄድ ኮምፒዩተሩ በድንገት ሳይጠፋ ሥራችንን አስቀምጠን እንድንዘጋው ጊዜ ይሰጠናል። ለፍሪጅ ወይም ለምጣድ አልተሠራም።

ሰርጅ ፕሮቴክተር ሲመረጥ የሚታዩ ነገሮች

ከዚህ በላይ ያልኩት ሰርጅ ፕሮቴክተር አይረባም ለማለት አይደለም። ለቴሌቪዥን፣ ለሪሲቨርና ለኮምፒዩተር በጣም ያስፈልጋል። ግን ዕቃው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ መግዛት አይገባም። ማንበብ የሚያስቸግራችሁ አባላት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው።

1ኛ. ለስንት ቮልት ነው የተሠራው? «220–240» ወይም «250» የሚል ጽሑፍ ሊኖረው ይገባል። «120» ወይም «125» የሚል ከሆነ በፍጹም አትግዙ። ምክንያቱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

2ኛ. ስንት ጁል ነው? ጁል ዕቃው በዕድሜው ሊሸከም የሚችለውን የንረት መጠን ያሳያል። ቁጥሩ ሲበዛ ዕድሜው ይረዝማል። ለቴሌቪዥንና ለኮምፒዩተር 1000 ጁልና ከዚያ በላይ የሆነውን መምረጥ ደህና ነው። ስለ ጁል ምንም ያልተጻፈበት ዕቃ ዲቫይደር ነው ብላችሁ ብትጠረጥሩ አትሳሳቱም።

3ኛ. ስንት ቮልት ያሳልፋል? ንረት ሲመጣ ወደ ዕቃችን የሚያሳልፈው ቮልት በኪሎ ቮልት ይጻፋል፤ በላቲን ፊደል «ዩፒ» የሚል ምልክት አለው። እዚህ ላይ የተሻለው ትንሹ ቁጥር ነው። 1.5 ኪሎ ቮልትና ከዚያ በታች የሆነውን ፈልጉ።

4ኛ. የመከላከያ መብራት አለው? ቫሪስተር እንደ ጫማ ሶል ነው፤ በየንረቱ ጥቂት በጥቂት ያልቃል። ሲያልቅ ሶኬቱ ኮረንቲ መስጠቱን ይቀጥላል፣ መከላከሉን ግን ያቆማል። ጥሩ ዕቃ «መከላከያው አለ» የሚል ለብቻው መብራት አለው። ያ መብራት ከጠፋ ዕቃው ከዚያ በኋላ ዲቫይደር ሆኗል ማለት ነው፤ ይለወጥ።

5ኛ. የሙቀት ቆራጭ አለው? ቫሪስተሩ ሲግል መስመሩን የሚቆርጥ ፊውዝ በውስጡ ከሌለ እሳት ሊነሣ ይችላል። ርካሹ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ይህ ነው። ስለዚህ ሰርጅ ፕሮቴክተር ከምንጣፍ ሥር፣ ከመጋረጃ አጠገብ ወይም ከፍራሽ ጀርባ አይቀመጥም።

6ኛ. ስንት አምፔር ይችላል? 10 አምፔር የሚል ከሆነ 10 በ220 ሲባዛ 2200 ዋት ነው። 16 አምፔር ከሆነ 3520 ዋት ነው። የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ከ3500 እስከ 4000 ዋት ይበላል። 4000 ዋት ማለት ከ18 አምፔር በላይ ነው። ስለዚህ እናቶች፣ አደራ! ምጣድ በዲቫይደርም ሆነ በሰርጅ ፕሮቴክተር አይሰካም። ምጣድ የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ካውያና የውኃ ማፍያም ቢሆኑ ከግድግዳው ሶኬት በቀጥታ ይሰኩ።

7ኛ. የመሬት መስመር አለው? በእኛ ሶኬት ከጎንና ከጎን የሚታዩት ሁለት የብረት ምላሶች የመሬት መስመር ናቸው። ሰርጅ ፕሮቴክተሩም እነዚህ ሊኖሩት ይገባል።

ከውጭ አገር ስለሚመጣ ዕቃ

ከመካከላችን ልጁ ወይም እኅቱ አሜሪካ የሌለች ጥቂት ነን። ዘመድ ሲመጣ ደግሞ «ጥሩ ዕቃ ነው፣ ኦሪጅናል ነው» ብሎ ሰርጅ ፕሮቴክተር ያመጣል። ዕቃው እውነትም ጥሩ ነው፤ ግን ለአገሩ ነው። የአሜሪካ ቤት ኮረንቲ 120 ቮልት ነው። በውስጡ ያለው ቫሪስተር 150 ቮልት ገደማን እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ፣ የእኛ 220 ለእሱ የማያቋርጥ ንረት ነው። ሲሰካ በሩ ይከፈታል፣ ይግላል፣ ይጨሳል፣ ይፈነዳል። አንዳንዶች እግሩን የሚያስተካክል አዳፕተር ገዝተው ይሰኩታል። አዳፕተር የእግሩን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይለውጥም።

የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ግን ሌላ ነው። ላዩ ላይ «100–240» የሚል ከሆነ እዚህም ይሠራል። ከአውሮፓ፣ ከዱባይና ከኩዌት የሚመጣው ለ220–240 ቮልት ስለሚሠራ በቮልት በኩል ይስማማል። ከሳዑዲ የመጣ አሮጌ ዕቃ ከሆነ ግን እዚያ ለብዙ ዘመን 127 ቮልትም ይሠራበት ስለ ነበር ጽሑፉን ሳያዩ አይሰካም። ለዘመዶቻችን ይህን አስቀድመን ብንነግራቸው ገንዘባቸውም ድካማቸውም አይባክንም።

የመሬት ሽቦ

ሰርጅ ፕሮቴክተር ትርፉን ኮረንቲ «ወደ ሌላ መንገድ ያዞራል» ብያለሁ። ዋናው መንገድ መሬት ነው። ይኸውም በግቢያችን የተቀበረ የብረት ዘንግና ከእሱ ወደ ብሬከር ሳጥኑ የሚገባ ሽቦ ነው። ይህ በሌለበት ቤት ሰርጅ ፕሮቴክተሩ የሚሠራው በፌዝና በኒውትራል መካከል ብቻ ነው፤ ማለትም ግማሽ ሥራ። በሰፈራችን ደግሞ የድሮ ቤቶች ብዙ ናቸው። ሶኬቱ ምላስ ቢኖረውም ከምላሱ ጀርባ ሽቦ የሌለው ሞልቷል።

የመሬት ሽቦ ጥቅሙ ለዕቃ ብቻ አይደለም። የፍሪጁ ወይም የምጣዱ አካል ኮረንቲ ሲያፈስ ልጅ ነክቶት እንዳይያዝ፣ ከተገቢው ብሬከር ጋር ሆኖ የሚያድነው እሱ ነው። ሰርጅ ፕሮቴክተር ሰውን ከኮረንቲ አይጠብቅም፤ ይህን ልብ በሉ። የመሬት ሽቦን በራስ እጅ ከውኃ ቧንቧ ወይም ከኒውትራል ጋር ማገናኘት ግን ሰው ይገድላል። ለባለሙያ ይተው።

ስለ መብረቅና ስለ ነቅሎ መተው

መብረቅ በቤቱ ወይም በምሰሶው ላይ በቀጥታ ከወደቀ ከገበያ የገዛነው ሶኬት የሚችለው ነገር አይደለም። መብረቅ የሚገባውም በኮረንቲ ሽቦ ብቻ አይደለም፤ በዲሽ ገመድና በስልክ መስመርም ይገባል። ብዙ ሪሲቨር የተቃጠለው ሶኬቱ ተነቅሎ የዲሹ ገመድ ሳይነቀል ቀርቶ ነው። ስለዚህ በክረምት ሰማዩ ሲጠቁርና ጉርምርምታ ከሩቅ ሲሰማ የቴሌቪዥኑን ሶኬትና የዲሹን ገመድ ሁለቱንም ንቀሉ። መብረቁ ከላያችን ከደረሰ በኋላ ግን ገመድ አትንኩ፤ ዕቃ ይተካል።

መብራት ሲሄድም እንዲሁ ነው። ቴሌቪዥኑን፣ ኮምፒዩተሩንና ፍሪጁን ንቀሉ፤ አንድ አምፖል ብቻ ማብሪያው ላይ ተዉ። ሲመለስ አምፖሉን ተመልከቱ። ሳይዋዥቅ 5 ደቂቃ ከቆየ ሰኩ። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። መከላከያ መግዛት ለማይችል ቤት ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት ይህ ነው። ለገዛውም ቢሆን አይጎዳውም።

ኒውትራል መቆረጡ እንዴት ይታወቃል?

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። አምፖሉ ከወትሮው እጅግ ሲደምቅ፣ የአንዱ ክፍል ወይም የአንዱ ቤት ሲደምቅ የሌላው ሲደበዝዝ፣ ጎረቤት ምጣድ ሲያጠፋ የእናንተ መብራት ሲለዋወጥ። ይህን ስታዩ ሶኬት እየዞራችሁ አትንቀሉ፤ በቀጥታ ዋናውን ብሬከር አጥፉ። ቀጥሎ ጎረቤታችሁን ጥሩ፤ እሱም እንዲያጠፋ። ከዚያ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ደውሉ። ምሰሶ ላይ ልውጣ የሚል ወጣት እንዳይኖር አደራ።

የታችኛው መንገድ ሰዎች እንደ ነገሩን፣ መብራቱ ሲደምቅ አንዳንዱ «ዛሬስ ጥሩ መብራት መጣ» ብሎ ደስ ብሎት ነበር። አንዱ ቤት ግን ወዲያው አጠፋ፤ የዚያ ቤት ዕቃ ተርፏል። አጥር ለአጥር «አጥፉ!» ተባብለን ቢሆን ኖሮ የብዙው በተረፈ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ማኅበራችን ምን ያድርግ?

ሥራ አስፈጻሚው ሦስት ነገር አስቧል፤ ለውይይት አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በየግቢው የመሬት ሽቦ መኖሩንና አለመኖሩን አንድ ባለሙያ ቀጥረን በአንድ ጊዜ እናስመርምር። ለየብቻ ከመክፈል በጋራ መክፈል ይቀላል። ሁለተኛ፣ ማኅበሩ አንድ ቮልት መለኪያ ይግዛና በማኅበሩ ቢሮ ይቀመጥ። አባላት መከላከያ ከመግዛታቸው በፊት በሚያውቅ ሰው እጅ የቤታቸውን ቮልት ጧትና ማታ ያስለኩ። በዚያ በሽታው ምን እንደ ሆነ ይታወቃል፤ ማነስ ከሆነ ስታብላይዘር፣ መዋዠቅ ከሆነ ጋርድ ይገዛል። ሦስተኛ፣ በየመንገዱ አንድ ተጠሪ ይመረጥ፤ የአደጋ ምልክት ሲታይ ቤት ለቤት አጥፉ የሚልና የሚደውል።

ንግግሬን ላጠቃል። ዲቫይደር መከላከያ አይደለም። ሰርጅ ፕሮቴክተር ለድንገተኛ ንረት ነው። ለፍሪጅ ጋርድ ይቀድማል። ሁሉም ያለ መሬት ሽቦ ጎዶሎ ነው። ሱቅ ገብተን «መከላከያ ስጠኝ» ከማለት «ከምን የሚከላከል?» ብለን እንጠይቅ።

ከአባላት ከቀረቡት ጥያቄዎች

አንዲት እናት፦ «ልጄ፣ እኔ ያለኝ አንድ ቴሌቪዥንና ሁለት አምፖል ነው። ይሄ ሁሉ ዕቃ ከየት ይመጣልኛል?»

መልስ፦ እማማ፣ ለእርስዎ ነቅሎ መተው ይበቃዎታል። ሲተኙ፣ ከቤት ሲወጡ፣ ሰማዩ ሲጠቁርና መብራት ሲሄድ ሶኬቱንና የዲሹን ገመድ ይንቀሉ። ያልተሰካ ዕቃ በሶኬት አይቃጠልም። ጎንበስ ማለት ካስቸገረዎት የጎረቤት ልጅ ይዘዙ፤ እኛም ለተጠሪው እንነግራለን።

አንድ ወጣት፦ «ሶኬት ስለማይበቃን ሰርጅ ፕሮቴክተሩ ላይ ዲቫይደር ብንሰካ ችግር አለው?»

መልስ፦ አለው። አንዱን በአንዱ ላይ መሰካት ጭነቱን በአንድ ገመድ ላይ ያከማቻል፤ መጋጠሚያው ይግላል። ሶኬት ካነሰ በግድግዳው ላይ ማስጨመር ነው የሚሻለው።

አንድ አባት፦ «ስታብላይዘር አለኝ። ሰርጅ ፕሮቴክተር ልጨምር ወይ?»

መልስ፦ ጋሼ፣ ስታብላይዘሩ ላይ ስለ ንረት መከላከል ካልተጻፈ ቢጨምሩ መልካም ነው። ሰርጅ ፕሮቴክተሩ ከግድግዳው ይሰካ፣ ስታብላይዘሩ ከእሱ ቀጥሎ። ሁለቱም ጭነቱን የሚችሉ መሆናቸውን ግን አስቀድመው ያዩ።

ማሳሰቢያ፦ ስብሰባው ሦስቱንም ሐሳቦች ተቀብሏል። የመሬት ሽቦ ምርመራ የሚፈልጉ አባላት ስማቸውንና የቤት ቁጥራቸውን በማኅበሩ ቢሮ እንዲያስመዘግቡ እናሳስባለን። ኢንሱሊንና ሌላ ቅዝቃዜ የሚፈልግ መድኃኒት በቤታቸው ያለ አባላት ቅድሚያ ይሰጣቸዋል።

የማኅበሩ ጸሐፊ